ኬላ ጠባቂው

ሁለት ልጅ እግሮች መጡ ቩፐርታል ድረስ፣
ያረጀ ጨዋታ ገዝተው ለማደስ።
ከደረጃው ባሻገር፣ ከወንዙ በላይ
ባቡር ተንጠልጥሎ ያልፋል በሰማይ፤
መስኮቴ ሲንቀጠቀጥ ዮርን ደነገጠ፣
ቪብከ ስትስቅበት ፊቱ ተለወጠ።

«ይንገሩን ጌርሊንደ፣ ከሠሯቸው ከሦስቱ
መታደስ የሚገባው ጨዋታ የቱ?»

አንደኛው ዘንዶ አለው፣ ሰባት ራስ ሰባት ጅራት፤
የቤቱን ኪራይ ከፍሏል፣ ከፍሏል የመብራት።
ሁለተኛው ተሸልሟል፤ ዋንጫውም ያውና፣
የበር መደገፊያ ሆኗል፣ ከባድ ነውና።
ሦስተኛውን የገዛው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፤
ከዚያም ሠላሳው ዘመድ ነው።

«እሱን» አልኳቸው።
ዮርን ብዕሩን ከደነ።

ዘንዶው ሞቷል፤ የሞተን ማን ይቀሰቅሳል?
ዋንጫው በሩን ይዟል፤ ሥራውን ጨርሷል።
እኔ እንደሚታየኝ፣ ያለቀ ነገር አይታደስም፤
የሚጠበቅ ሰው ያለበት ቤት ግን አይፈርስም።

አሥራ ስድስት ቀለም ብቻ፤ ሰማዩ ወይን ጠጅ፣
ዛፉ ጥላ የለው፣ ቤቱ የለው ደጅ፤
ተጫዋቹ ካርታውን በእጁ ይስላል
በካሬ ወረቀት፤ ከተሳሳተ ይሞታል።
በሦስተኛው ሰሌዳ፣ ከድልድዩ አፍ፣
ኬላ ጠባቂ አለ፣ ሰው የማያሳልፍ።
ብር ብትሰጠው አይወስድ፣ ሰይፍ ብትመዝ አይሸሽ፤
ስምህን ጠይቆ፣ ፋኖሱን ያነሣል ሲመሽ፤

«መጣሁ» ይላል።
ይሄዳል።

አልተመለሰም። ሠላሳ ሦስት ዓመት።

«መጣሁ»፤ ሳይሄዱ በፊት ያለቀ መመለስ፤
የሰው ጊዜ የሚበደሩበት፣ ያለምንም ዋስ።

ምክንያቱ ቅኔ አይደለም፤ ዲስኩ ሞላብን።
አሥራ አንድ ኪሎባይት አነሰን፣ ቀረብን።
ኡልፍ የመመለሻውን ክፍል ቆርጦ ጣለ፣
«በሚቀጥለው እትም እጨምረዋለሁ» አለ።
ሌላ እትም አልወጣም። ስለ ገንዘብ ተጣላን፤
ማን ምን እንዳለ ረስቻለሁ፤ ብቻ ተጣላን።
ጎማ ነጋዴ ሆኖ ሬምሻይድ ወጣ፤
አርባ ደቂቃ ነው መንገዱ። አልሄድኩም፣ እሱም አልመጣ።

ደብዳቤ ግን ይደርሰኝ ነበር። ከሊንትስ አንድ መምህር፣
ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ዘጠኝ ሌሊት ሲያድር፣
ድልድዩ ጋ ቆሞ፣ «ምናልባት ዛሬ» ሲል፤
ከኪል አንዲት ልጅ፣ «ፋኖሱ ከሩቅ ታየኝ» ስትል።
ፋኖሱን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ፣ እዚያ የለም።
ግን አልጻፍኩላትም።

ቪብከ ታወራለች፦ «ሣሩ ይወዛወዛል፣
ዝናቡ ሲወርድ ድንጋዩ ይወዛል፣
ጥላ እናለብሳለን ዛፉን በሙሉ፤
ድምፅ ይኖራቸዋል ሰዎቹ ሁሉ፤
ኬላ ጠባቂውንም እንመልሰዋለን፤
ምን ብሎ እንደሚመለስ ብቻ ይንገሩን።»

የጨዋታው ግማሽ የኡልፍ ነው። ፊርማው ያስፈልጋል።
ደወልኩ። ብረት ሲጮህ፣ ጎማ ሲነፋ ሰማሁ፤
«አወቅሁ» አለኝ፣ ስሜን ሳልናገር፣ «አወቅሁ።
ሰውዬው እንዴት ነው? አልተመለሰም አሁንም?»
«አልተመለሰም።»
«ጽፌው ነበር እኮ። የት እንደጣልኩት አላውቅም።»
ዝም አልን። በመስኮቴ ባቡሩ ሲያልፍ
በስልኩ ሰማው መሰል፤
«ዛሬም ይንቀጠቀጣል» አለ ኡልፍ።

«ቀለሙን ይቀይሩት፣ ሣሩንም ይዝሩት፣
ዛፍ ጥላ ይገባዋል፤ ድልድዩን ግን ይተዉት»
ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣
«ልጆቹ እዚያው ናቸው?» አለኝ።
«ናቸው።»
«ሱቁን ልዝጋ» አለ። ከዚያ፣ እንደዚያን ጊዜው፣ በአንድ ቃል፣
«መጣሁ።»

ዮርን ብዕሩን ከፍቶ፣ «እና፣ ምን አሉ?» አለኝ።
ወንበር ጨመርኩ ጠረጴዛው ጋ።
ማዶ፣ ጣቢያው ላይ፣ ባቡር ቆሞ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፤
ሌላው መጣ፤ ከፈተ፣ ዘጋ።
ሰማዩ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከአሥራ ስድስቱ አንዱ።
አርባ ደቂቃ ነው መንገዱ።